ሕሙማንን ማሰባሰብ የማኅበሩ ተግባር ነው

በባዶ እግሩ ቀይ አፈር እየረገጠ ሲያርስ የኖረ ገበሬ እግሩ ባበጠ ጊዜ «ይጋባል፣ እርግማን ነው» እየተባለ ከሠርግም ከዕድርም ይገለላል። ይሁን እንጂ ኧርነስት ፕራይስ የተባሉ ሐኪም በ1960ዎቹ በአገራችን ባካሄዱት ጥናት እንዳመለከቱት፣ የዚህ ዓይነቱ ዝሆኔ መንሥኤ አፈሩ ነው፤ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። በኢትዮጵያ 1.5 ሚሊዮን ያህል ሰዎች እንደተያዙ ይገመታል።

ክብካቤው እግርን ዕለት ዕለት በሳሙና ማጠብ፣ ቅባት መቀባትና ጫማ ማድረግ ነው። ለዚህ አዲስ አበባ፣ ልደታ፣ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ድረስ መጓዝ አያሻም። የሚያሻው ሳይሰለቹ መቀጠል ነው፤ ቤቱ ተደብቆ የሚውል ሕመምተኛ ግን ብቻውን ቶሎ ይሰለቻል። በወላይታ ከ1990ዎቹ ጀምሮ የተሻላቸው ሕሙማን ሌሎችን እያስተማሩና እያበረታቱ፣ ጫማም እየሰፉ ይህን ችግር መወጣት እንደሚቻል አሳይተዋል።

ስለዚህ የገበሬ ማኅበራት መሪዎች በየቀበሌያቸው ያሉትን ሕሙማን በቡድን ማሰባሰብ፣ ከጤና ኬላ ጋር ማገናኘት፣ ለሳሙናና ለጫማ የሚሆን መዋጮ ማስተባበር ይኖርባቸዋል። በስብሰባም ላይ ከሕሙማኑ ጎን ይቀመጡ፤ ሌላው ይህን አይቶ ይከተላል። አንድ አራሽ በተገለለ ቁጥር የሚጎድለው የማኅበሩ ክንድ ነውና።