«ሼር አድርጌልሃለሁ» ክፍያ አይደለም

መጀመሪያ የራሴን ጥፋት ልናገር፣ ከዚያ ወደ እናንተ እመጣለሁ።

ከሦስት ዓመት በፊት አንድ የቴሌግራም ቦት ሠራሁ። የዘፈን ስም ትጽፉለታላችሁ፣ ፋይሉን ይልክላችኋል። የሁለት ሌሊት ኮድ ነው። ሳላስበው ከአዳማ አልፎ ሞጆ፣ መቂ፣ ባቱ፣ ሻሸመኔ ድረስ ተጠቃሚ አገኘ። ኮራሁበት። የጻፋችሁትን ነገር የማታውቁት ሰው ሲጠቀምበት ደስ ይላል፣ በቃ።

ከዚያ የሰፈሬ ልጅ የመጀመሪያ አልበሙን አወጣ። ሂፕሃፕ ነው። በአማርኛ ጀምሮ በአፋን ኦሮሞ የሚጨርስ፣ እዚህ ከተማ ላደገ ሰው አስተርጓሚ የማያስፈልገው ራፕ። አሳታሚ የለው፣ ስፖንሰር የለው። ማይኩን የገዛው ባጃጅ ነድቶ ባገኘው ብር ነው። የቀዳው ደግሞ ፍራንኮ አካባቢ በተከራያት አንድ ክፍል ውስጥ፣ ግድግዳው ላይ ብርድ ልብስ ሰቅሎ፣ የመንገዱ ጡሩምባ ጋብ የሚልበትን ሰዓት እየጠበቀ። አልበሙን 300 ብር ብሎ የቴሌብር ቁጥሩን ለቀቀ።

በመጀመሪያው ሳምንት ዘጠኝ ሰው ከፈለ። የኔ ቦት በዚያው ሳምንት ለስንት ሰው እንዳደለው ሎጉ ላይ አይቻለሁ፤ ቁጥሩን ለመጻፍ አፍራለሁ። ከዘጠኙ ውስጥ እኔ የለሁበትም። ሳገኘው «ብሮ፣ ሼር አድርጌልሃለሁ» ነበር ያልኩት። እሱም «አመሰግናለሁ» አለኝ። እስከ ዛሬ የሚቆጠቁጠኝ ያ ምስጋና ነው።

«የኛ ሰው ለሙዚቃ አይከፍልም» የምትለዋን አባባል ታውቋታላችሁ። ውሸት ናት። ሁሌም ከፍለናል። ሜሞሪ ካርድና ፍላሽ ይዘን ሙዚቃ ቤት ዘፈን ስናስጭን፣ ለጫነው ልጅ ከፍለናል። ዛሬ ከቴሌግራም ለማውረድ ፓኬጅ እንገዛለን። ስልኩ፣ ፓኬጁ፣ ስፒከሩ፣ ሁሉም በብር የተገዛ ነው። በዚህ ሰንሰለት ውስጥ በነጻ እንዲሠራ የሚጠበቅበት አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም ዘፈኑን የሠራው። ስለዚህ ችግሩ አለመክፈላችን አይደለም፣ ለማን እንደምንከፍል ነው።

ሕጉ የለም እንዳትሉ። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲውን መብት በሕይወት ዘመኑ፣ ከሞተም በኋላ ለ50 ዓመት ይጠብቃል። ግን አንድ የባጃጅ ሹፌር እኔን ፍርድ ቤት ያቆመኛል? አያቆመኝም። እኔም ይህን አውቅ ነበር። እንዲያውም የተማመንኩት በሱ ነው።

ሌላው የምንሸሸግባት ቃል «ኢንዲፔንደንት» የምትለዋ ናት። «ኢንዲፔንደንት አርቲስት ነው፣ ራሱ የመረጠው መንገድ ነው» እንላለን፤ ቃሏ ክብር ያላት ስለምትመስል ለልጁ ምንም ሳናደርግ ያደረግን ያህል ይሰማናል። የዚህ አገር የኢንዲፔንደንት ሙዚቃ ታሪክ ግን የሚለው ሌላ ነው። በንጉሡ ዘመን ሸክላ የማሳተም መብት በአዋጅ ለሀገር ፍቅር ብቻ የተሰጠ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1969 አምሃ እሸቴ የሚባል ሙዚቃ ቤት የነበረው ወጣት ይህን አልፎ፣ የዓለማየሁ እሸቴን ሸክላ ህንድ አሳትሞ አስመጣ። እስር ቤት ሊያስገባው እንደሚችል እያወቀ ነው። አምሃ ሪከርድስ ከዚያ በኋላ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ያሳተማቸውን ሸክላዎች ዓለም ዛሬም ይሰበስባቸዋል።

ልብ በሉ፤ አምሃ ድፍረት ብቻ አልነበረውም፣ ሱቅ ነበረው። ሰው ገብቶ፣ ሰምቶ፣ ከፍሎ፣ ሸክላውን በእጁ ይዞ ይወጣል። አለቃ የሌለው ሰው ሁሉ ነጻ አይደለም። ሥራውን ሸጦ ቀጣዩን መሥራት የሚችል ነው ነጻ። የሰፈሬን ልጅ ኢንዲፔንደንት ስንለው የነበረው፣ እውነቱን ለመናገር፣ ብቻውን የተተወ ነው።

«ታዲያ በነጻ መሰራጨቱ ስሙን አያስጠራለትም ወይ?» ትሉኝ ይሆናል። ጥሩ ጥያቄ ነው። መልሱን ሁላችሁም ከምታውቁት ሰው ላምጣ፤ ኒፕሲ ሃስል፣ በትክክለኛ ስሙ ኤርሚያስ አስገዶም፣ አባቱ ኤርትራዊ የሆነ የሎስ አንጀለስ ልጅ። እ.ኤ.አ. በ2013 «ክሬንሾው» የተባለውን ሚክስቴፕ ኢንተርኔት ላይ በነጻ ለቀቀው። በዚያው ጊዜ 1,000 ሲዲ አሳትሞ እያንዳንዱን በ100 ዶላር ሸጠ። በነጻ ማውረድ የሚችለውን ሥራ ሰው ተሰልፎ ገዛው። ያ ገንዘብ የዘፈን ዋጋ አልነበረም፤ «ቀጥል፣ ከኋላህ አለን» የሚል ድምፅ ነበር። የመጀመሪያ የስቱዲዮ አልበሙ «ቪክቶሪ ላፕ» በ2018 ሲወጣ የሥራው ባለቤት ራሱ ነበር።

ስለዚህ የነጻ ፋይል ጠላት አይደለም። ኒፕሲ ግን በነጻ የሰጠው ራሱ ወስኖ ነው። የሰፈሬን ልጅ አልበም በነጻ ለመስጠት የወሰንኩት ግን እኔ ነኝ። ማንም አልጠየቀኝም፣ እኔም አልጠየቅኩትም። ልዩነቱ ይቺ ናት፤ ትንሽ ትመስላለች፣ ግን ሌባን ከለጋስ የምትለየው እሷ ናት።

«ስትሪሚንግ ላይ ይጫን» የሚል ደግሞ አይጠፋም። ይጫን። ነገር ግን ሒሳቡን እንሥራው። ስፖቲፋይ ከ2024 ጀምሮ አንድ ዘፈን ባለፉት 12 ወራት ውስጥ ቢያንስ 1,000 ጊዜ ካልተደመጠ ምንም አይከፍልበትም። ቢያልፍም ለአንድ ማዳመጥ የሚደርሰው ከአንድ የአሜሪካ ሳንቲም በታች ነው። በሌላ በኩል 200 ሰው 300 ብር ቢልክ 60,000 ብር ነው። 200 ሰው ማለት አንድ ሠርግ የማይሞላ ሕዝብ ነው። ከአዳማ እስከ ሻሸመኔ ባሉት ከተሞች 200 የሂፕሃፕ ወዳጅ የለም ብሎ የሚከራከረኝ ካለ ይምጣ።

ኑሮው ውድ መሆኑን አውቃለሁ። ባጃጅ እየነዳ ቤተሰብ የሚያስተዳድረውን ሰው፣ ከቤት በሚላክለት ብር የሚማረውን ተማሪ አይደለም የምወቅሰው። እነሱ ይስሙት፣ ይቀባበሉት፣ ልጁም ደስ ይለዋል። የምወቅሰው እኔን ነው። ደመወዝተኛውን፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ከጓደኞቹ ጋር ሦስት ማኪያቶ የሚጠጣውን፣ የውጭ ሶፍትዌር ኮድ ያለፈቃድ ሲገለበጥ ስለ ላይሰንስ የሚሰብከውን። እናንተም ራሳችሁን ታውቃላችሁ።

ባለፈው ወር 300 ብሩን ላክሁለት። ዘግይቼ ነው፣ ይቅርታዬንም አብሬ ጻፍኩ። «ችግር የለም፣ ማይኩን ሸጬዋለሁ ግን» ብሎ መለሰልኝ።

ቦቱን ቀይሬዋለሁ። አሁን ያለአሳታሚ የሚሠራ ልጅ ዘፈን ስትጠይቁት ፋይሉን አይልክላችሁም፤ ባለቤቱ ፈቅዶ ከሰጠኝ አንዱን ዘፈን ያሰማችኋል፣ ከሥሩ የባለቤቱን የቴሌብር ቁጥር ያስቀምጣል። ብዙ ሰው ጥሎኝ ወጥቷል፣ የሚሳደብም አለ። የቀሩት ውስጥ ግን የሚልኩ አሉ።

ለማይክ እያጠራቀምን ነው።