ትራንስፈር ኬዝን የሚሰብረው ጭቃው ሳይሆን አስፋልቱ ነው

በደቡብ አፍሪካ ለሚኖሩ በርካታ ኢትዮጵያውያን ነጋዴዎች ፒክአፕ መኪና የቅንጦት ዕቃ አይደለም። ከጆሃንስበርግ የጄፔ ጎዳና ሸቀጥ ተረክቦ ወደ ሎኬሽን ሱቆችና ራቅ ወዳሉ የገጠር ከተሞች የሚያደርሰው፣ የቤት ኪራዩንም ሆነ ለአገር ቤት የሚላከውን ገንዘብ የሚያስገኘው እርሱ ነው። ስለዚህ መኪናው ሲሰበር የአንድ ቤተሰብ ገቢ አብሮ ይቆማል። ብዙ ወጪ ከሚያስከትሉትና ጥቂት ሰው ብቻ ከሚያውቃቸው ብልሽቶች አንዱ፣ አራቱንም ጎማ በሚነዱ ፒክአፖች ላይ የሚደርሰው የትራንስፈር ኬዝ ብልሽት ነው።

ይህ ክፍል ሲበላሽ ጭነቱን፣ ጭቃውን ወይም ፋብሪካውን መውቀስ የተለመደ ነው። የዚህ ጽሑፍ አቋም ግን ሌላ ነው። በከተማ የሚሠራ ፒክአፕ ትራንስፈር ኬዙን የሚያጣው ይበልጡን በደረቅ አስፋልት ላይ በሚፈጸም የተሳሳተ አጠቃቀም፣ በተዘበራረቀ ጎማና በተረሳ ዘይት ነው። ሦስቱም በእውቀት የሚታረሙ ናቸው።

ትራንስፈር ኬዝ ከካምቢዮው በስተኋላ የሚገጠም የማርሽ ሳጥን ነው። ሥራው ከሞተር የመጣውን ኃይል ለፊትና ለኋላ አክስል ማከፋፈል ነው። አሽከርካሪው በሁለት ጎማ ሲነዳ ኃይሉ ወደ ኋላ ብቻ ይሄዳል። አራቱን ጎማ ሲያስገባ ደግሞ በሳጥኑ ውስጥ ያለው ሰንሰለት ወይም ጥርስ የፊቱን ዘንግ ከኋላው ጋር አንድ አድርጎ ይቆልፈዋል። እንደ ቶዮታ ሃይሉክስና አይሱዙ ዲ-ማክስ ባሉ በርካታ የሥራ ፒክአፖች ላይ በሁለቱ አክስሎች መካከል የፍጥነት ልዩነትን የሚያቻችል ዲፈረንሻል የለም። የችግሩ ሁሉ ምንጭ ከዚህ ይጀምራል።

መኪና ሲታጠፍ የፊት ጎማዎች ከኋላዎቹ የሰፋ ቅስት ይከተላሉ። በፊትና በኋላ አክስሎቹ መካከል 3 ሜትር ያህል ርቀት ያለው ፒክአፕ፣ የኋላው አክስል በ6 ሜትር ራዲየስ ሆኖ አንድ ማዕዘን ቢታጠፍ፣ የኋላው 9.4 ሜትር ሲጓዝ የፊቱ 10.5 ሜትር ያህል ይጓዛል። የ1.1 ሜትሩ ልዩነት የአንድ ጎማ ግማሽ ዙር ሊሞላ ጥቂት የቀረው ነው። በጭቃ ወይም በአሸዋ ላይ ጎማው በመጠኑ ተንሸራትቶ ልዩነቱን ያስተነፍሰዋል። ደረቅ አስፋልት ግን ጎማውን አጥብቆ ይይዛል። መውጫ ያጣው ኃይል ወደ ሰንሰለቱ፣ ወደ ጥርሶቹና ወደ ኩሽኔታዎቹ ይዞራል። መሪው ይከብዳል፣ መኪናው በመታጠፊያው ላይ ይንገጫገጫል፣ ወደ ሁለት ጎማ መመለስም እምቢ ይላል።

የጆሃንስበርጉ የቤሪያ ሰፈር ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ይሆናል። 173 ሜትር የሚረዝመው ክቡ የፖንቴ ሕንፃ የቆመበት ይህ ሰፈር ዳገትና ቁልቁለት አለው፤ መንገዶቹ አስፋልት፣ መስቀለኛዎቹም ተቀራራቢ ናቸው። ጭነት የያዘ አሽከርካሪ ዳገቱ ሲከብደው አራቱን ጎማ ማስገባት ያምረው ይሆናል። በደረቅ አስፋልት ላይ ዳገት የሚጠይቀው ግን የካምቢዮውን ዝቅተኛ ማርሽ ነው። በአገር ቤት የፒስታ መንገድ ላይ መንዳት የተማረ ሰው ልማዱን ይዞ ቢመጣ አያስደንቅም። እዚያ ጠጠሩ ይቅር ይለው ነበር፤ እዚህ አስፋልቱ ይቅር አይለውም።

ጎማም እንዲሁ ነው። ወጪ ለመቆጠብ ከፊት አዲስ፣ ከኋላ ያለቀ ጎማ መግጠም የተለመደ ነው። የጎማው ጥርስ ጥልቀት በ5 ሚሊ ሜትር ቢለያይ የዙሩ ልዩነት ከመቶ 1.3 ያህል ይሆናል። አራቱ ጎማ ገብቶ ሲነዳ ይህ በየኪሎ ሜትሩ 13 ሜትር የሚደርስ ሽኩቻ ማለት ነው፤ ያውም መንገዱ ቀጥ ያለ ቢሆን እንኳ።

ሦስተኛው ዘይት ነው። በአብዛኞቹ ፒክአፖች ትራንስፈር ኬዙ የሚይዘው ከአንድ እስከ ሁለት ሊትር ብቻ ነው። እንደ ሞተር ዘይት መለኪያ ዘንግ የለውም፤ ዘይቱ ሲጎድል የሚበራ መብራትም አብዛኛውን ጊዜ አይገጠምለትም። ፓራኦሊዮው ቀስ በቀስ ሲያንጠባጥብ ማንም ሳያየው ያልቃል። ከመኪናው ወገብ በታች የሚታይ የዘይት ጠብታ፣ ከፍጥነት ጋር የሚጨምር የማፏጨት ድምፅ፣ ገብቶ የሚያፈተልክ ማርሽ የሚሰጡት ማስጠንቀቂያ አንድ ነው፤ ሳይቃጠል በቅጠል። ፈጽሞ አለመጠቀምም ጉዳት አለው። ቶዮታ በመመሪያ መጽሐፎቹ የፊት ክፍሎቹ ዘይት እንዲያገኙ በወር ቢያንስ 16 ኪሎ ሜትር በአራት ጎማ መንዳትን ይመክራል። ይህም በጠጠር ወይም በሚያንሸራትት መንገድ ላይ ቢሆን ይመረጣል።

ሁሉም ጥፋት የአሽከርካሪው ነው ማለት ግን ፍትሐዊ አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ2014 ጄኔራል ሞተርስ በአሜሪካ ወደ 392 ሺህ የሚጠጉ ፒክአፖችንና ትልልቅ የቤተሰብ መኪኖችን ለጥገና ጠርቷል። ምክንያቱ ትራንስፈር ኬዙ ያለ አሽከርካሪው ትእዛዝ ወደ ኒውትራል ሊገባ መቻሉ ነበር። ይህ ከገንዘብ ኪሳራ ያለፈ አደጋ ነው። ትራንስፈር ኬዙ ኒውትራል ላይ ሲሆን ካምቢዮው ከጎማዎቹ ይለያያል፤ መኪናውን በማርሽ ወይም በፒ አስገብቶ ማቆምም አይዘውም። እንደ ቤሪያ ባለ ቁልቁለት ላይ የእጅ ፍሬን ሳይስቡ መውረድ የሰው ሕይወት ሊያስጠፋ ይችላል።

ስለዚህ ፒክአፕ ለመግዛት የሚያስብ ሰው አስቀድሞ ራሱን ይጠይቅ። ሥራው ከጄፔ እስከ ሎኬሽን በአስፋልት የሚያልቅ ከሆነ፣ በሁለት ጎማ የሚነዳው ፒክአፕ ዋጋውም ጥገናውም ይቀላል። አራት ጎማ የሚያሻው ወደ ሌሶቶ ተራሮች ለሚወጣ ወይም የዝናብ ጊዜ ጭቃ ለሚያቋርጥ ነው። ያገለገለ መኪና የሚገዛም ወረቀቱን ችላ አይበል። የደቡብ አፍሪካ የ2008 የሸማቾች ጥበቃ ሕግ ከነጋዴ ለተገዛ ዕቃ የ6 ወር ዋስትና ይሰጣል፤ በዚህ ጊዜ ውስጥ ጉድለት የተገኘበትን ዕቃ ማስጠገን፣ ማስለወጥ ወይም ገንዘብ ማስመለስ ይቻላል። ከግለሰብ በእጅ በእጅ የተገዛ መኪና ግን ይህ ጥበቃ የለውም። የሻሲ ቁጥሩን ይዞ ወደ አምራቹ ወኪል መሄድም መኪናው ለጥገና ተጠርቶ እንደሆነ ያሳውቃል።

የማኅበረሰብ ማኅበሮቻችን ለሐዘንና ለደስታ ገንዘብ ማሰባሰብ ያውቁበታል። በዓመት አንድ ቀን አንድ ጎበዝ መካኒክ ጋብዘው በአማርኛ፣ በሀዲይኛ ወይም በከምባትኛ ይህን ትምህርት ቢሰጡ ወጪው ከአንድ የተሰበረ ትራንስፈር ኬዝ ዋጋ ያንሳል። እስከዚያው ግን እያንዳንዱ ባለ መኪና በቀጣዩ የዘይት ቅያሪ ቀን መካኒኩን አንድ ጥያቄ ይጠይቅ፦ የትራንስፈር ኬዙን ዘይት አየኸው?