ገነተ ልዑል፤ ከቤተ መንግሥት እስከ ቤተ ትምህርት

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይላሉ አባቶች። ከወገዳ፣ ከጋይንት፣ ከእስቴና ከሌላውም አገር መጥተን በስድስት ኪሎ የምንማር ተማሪዎች በገነተ ልዑል ፊት በየቀኑ እናልፋለን። ዳሩ ግን ግንቡ ከእኛ በፊት ማንን እንዳኖረና ማንን እንደቀበረ ሳንጠይቅ ተመርቀን እንሄዳለን።

ቤቱ በ1920ዎቹ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቤተ መንግሥት ሆኖ ተሠራ። በ1928 ዓ.ም. ፋሺስቶች አዲስ አበባን ሲይዙ የእንደራሴያቸው መቀመጫ አደረጉት። አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ የወረወሩት በዚሁ ግቢ ነው፤ ከዚያም ቀን ጀምሮ በብዙ ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ተጨፈጨፈ። ከድል በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ ተመለሱበት። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የመንግሥት ግልበጣ ሲሞከር እነራስ አበበ አረጋይና ራስ ሥዩም መንገሻ ታግተው የተገደሉት በዚሁ ቤት ውስጥ ነው። ከዚያ በኋላ ለዩኒቨርሲቲ ተሰጠ፤ በ1955 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋምም ሙዚየሙን በውስጡ አደራጀ።

ደም ግን በዚህ አላበቃም። በታኅሣሥ 1962 ዓ.ም. የተማሪዎች ማኅበር ፕሬዚዳንት ጥላሁን ግዛው ተገደለ። ተማሪው አስከሬኑን ሊሸኝ በግቢው በተሰበሰበ ጊዜ ወታደሮች ተኩሰው ሌሎችንም ገደሉ።

አንዳንድ ወንድሞቻችን፣ «ያለፈው አልፏል፤ ቤቱ ቢሮና ሙዚየም ሆኖ ካገለገለ ይበቃል» ይላሉ። እኛ በዚህ አንስማማም። የንጉሡ መኝታ ቤት ለጐብኚ መታየቱ መልካም ነው። ነገር ግን አልጋውን ብቻ አይቶ የሚወጣ ሰው የቤቱን ታሪክ ሩቡን እንኳ አላወቀም።

ከግንቡ ፊት የቆመው ደረጃ ጥሩ ትምህርት ይሰጠናል። ፋሺስቶች የአገዛዛቸውን ዓመታት እየቆጠሩ የሠሩት ነው። ከድል በኋላ አባቶቻችን አላፈረሱትም፤ በጫፉ ላይ አንበሳ አቆሙበት። ያየ ሁሉ ወራሪው እንደመጣም፣ እንደተባረረም ያውቃል።

ስለዚህ ሁለት ነገር እንጠይቃለን። አንደኛ፣ በየክፍሉ በር ላይ ያ ክፍል በየዘመኑ ምን እንደነበረ፣ ማን እንደሞተበትም ሳይቀር፣ በአማርኛ ተጽፎ ይለጠፍ። ሁለተኛ፣ መምህራኖቻችን አዲስ ገቢ ተማሪዎችን በመጀመሪያው ሳምንት ቤቱን ያስጐብኙልን።

ለእኛም ለተማሪዎች ሥራ አለን። በ2016 ዓ.ም. በፒያሳ ብዙ አሮጌ ቤቶች ሲፈርሱ አይተናል። ወገዳም ሆነ ሌላ የገጠር ከተማ ነገ ይህ አይደርስበትም ማለት አይቻልም። ክረምት ላይ ወደየአገራችን ስንገባ የከተማችንን ጥንታዊ ቤት ማን እንዳሠራው፣ በኋላስ ፍርድ ቤት፣ እስር ቤት ወይስ ትምህርት ቤት እንደሆነ ሽማግሎችን ጠይቀን እንጻፍ። ቤቱን ከመፍረስ ማዳን ቢያቅተን እንኳ ታሪኩን ማትረፍ በእጃችን ነው እንላለን።