የጠፋችው ሞላ

ባለፈው ቅዳሜ ቤታችን ከጣት አንጓ በማትበልጥ ሞላ ምክንያት ተኮራርፎ ዋለ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ታላቅ ወንድሜ ጀርመን አገር ሲማር የገዛውን ኮሞዶር 64 ኮምፒውተር ከቁም ሳጥን አናት አወረድነው። እ.ኤ.አ. በ1982 ለገበያ የቀረበ ነው፤ ኮምፒውተሩ ያለው እዚያው ኪቦርዱ ውስጥ ሲሆን ከቴሌቪዥን ጋር ይያያዛል። የአሥራ ሁለት ዓመቷ ልጄ ብትነካካው ብዙው ቁልፍ አልሠራ አለ።

«አባዬ፣ ይጣል» አለችኝ።

«እስቲ መጀመሪያ እንክፈተው።»

እንዲህ ያለ ዕቃ ያላችሁ ወላጆችና አያቶች፣ አሠራሩ ይህን ይመስላል። ከኤሌክትሪክ ንቀሉት። ምንም ሳትነቅሉ የቁልፎቹን አቀማመጥ በስልካችሁ ፎቶ አንሱ። ከዚያ 66ቱን ቁልፎች አንድ በአንድ ቀስ ብላችሁ ወደ ላይ ሳቡ፤ ከሥራቸው ሞላ አለ። ሺፍት ሎክ የሚባለው ቁልፍ በሁለት ሽቦ የተበየደ ስለሆነ ብየዳውን አላቁ፤ ቀጥሎ ከጀርባ ያሉትን ጥቃቅን ብሎኖች ፍቱ። ቁልፍ ሲጫን ከሥሩ ያለው ጥቁር የካርቦን ላስቲክ የሰሌዳውን መስመሮች ነክቶ ያገናኛል። አቧራና ቅባት ከጋረደው ግን አይሠራም። ሰሌዳውን አልኮል በነካ ጥጥ አብሱ፤ ላስቲኩን ግን አትፈግፍጉት። የቁልፎቹን ክዳን ለብ ባለ ውሃና በሳሙና እጠቡና በደንብ አድርቁ። ቢጫ የሆነው ፕላስቲክ በሳሙና አይነጣም፤ ብርሃንና ዕድሜ የለወጠው ነው። በሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ የሚያነጡት አሉ፤ ቆዳና ዓይን ስለሚያቃጥል እኔ ከልጅ ጋር አልሞከርኩትም።

ልጄ ቁልፍ ስትነቅል አንዷ ሞላ ተፈናጥራ ጠፋች። ጮኽኩባት። ምንም ሳትል ተነሥታ ክፍሏ ገባች። ወንድሜ ካረፈ ሦስት ዓመቱ ነው። የጮኽኩት ለሞላዋ እንዳልነበረ የገባኝ ብቻዬን ስቀር ነው።

በሯን አንኳኳሁ። «ይቅርታ ልጄ። የአጎትሽ ዕቃ ስለሆነ ሆድ ብሶኝ ነው» አልኳት። ትንሽ ቆይታ ወጣች። ፎቶውን አየት አደረገችና «ይቺን የእንግሊዝ ፓውንድ ምልክት ያለባትን ቁልፍ ማን ይነካታል?» አለች። ሞላዋን ከዚያ ወስደን በጠፋችው ተካን።

ማታ ላይ የአጎቷን ስም በላቲን ፊደል ጻፈች፤ አንድም ሆሄ አልጎደለም።

እናንተ ስትሞክሩት ግን ሞላዎቹን የምታኖሩበት ሳህን አስቀድማችሁ አዘጋጁ። ለቁጣም ቢሆን ቦታ አብጁለት፤ ልጅ ላይ እንዳያርፍ።