የቍስል መምጠጫ መሣሪያ ወደ ቤት ሲገባ



በቅርቡ በሀዋሳ ባህል አዳራሽ በተደረገ የነጋዴዎች ስብሰባ ላይ፥ ተናጋሪው ስለ ቀረጥ በሚያስረዱበት ሰዓት፥ ከመካከለኛው ረድፍ የማያቋርጥ ጩኸት ተሰማ። ሰው ሁሉ ስልኩን ይዳስስ ጀመር። የሚጮኸው ግን አሠሪዬ በትከሻቸው ያንጠለጠሉት አነስተኛ የቍስል መምጠጫ መሣሪያ ነበር። እሳቸውም የሰው ዓይን አሳፍሯቸው አጠፉትና እስከ ስብሰባው ፍጻሜ ሳይከፍቱት ቈዩ። እኔም ጸሐፊያቸው ከአጠገባቸው ተቀምጬ ጩኸቱ በመቆሙ ደስ አለኝ። ያን ደስታዬን ዛሬ ሳስበው ያሳፍረኛል።

አሠሪዬ የስኳር ሕመም አለባቸው። የእግራቸው ቍስል ለወራት አልድን ስላለ ሐኪማቸው ይህን መሣሪያ አዘዙላቸው። አሠራሩ እንዲህ ነው፤ በቍስሉ ውስጥ ልዩ ስፖንጅ ይገባል፤ በላዩም አየር የማያስገባ ስስ ፕላስቲክ ይለጠፋል፤ ከዚያ በቱቦ ከመሣሪያው ጋር ይያያዛል። መሣሪያው ብዙውን ጊዜ ከከባቢው አየር ግፊት በ125 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ዝቅ ባለ ግፊት እየሳበ ፈሳሹን ወደ ማጠራቀሚያ ያወርዳል፤ የቍስሉን አፍ ያቀራርባል፤ አዲስ ሥጋም እንዲበቅል ይረዳል። አርጀንታና ሞሪክዋስ የተባሉ የሰሜን ካሮላይና ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ1997 ጥናታቸውን ካሳተሙ ወዲህ በብዙ አገር ተስፋፍቷል።

ያን ዕለት ማታ የአሠሪዬ ባለቤት ደወሉልኝና «ልጄ፥ ይህ ነገር ዝም ብሏል፤ ደግ ነው?» አሉኝ። «እትዬ፥ መጽሐፉን አይቼ ልንገርዎ» ብዬ ሄድኩ። ከሣጥኑ ጋር የመጣው መጽሐፍ እንግሊዝኛ ብቻ ነው። በመብራት መጥፋት ምክንያት በእጅ ባትሪ እያበራሁ ሳገላብጥ፥ መሣሪያው በቀን ውስጥ ከ2 ሰዓት በላይ ከቆመ ስፖንጁ ወጥቶ ቍስሉ በተራ ፋሻ መታሸግ እንዳለበት ተጽፎ አገኘሁ፤ ፈሳሹ ከፕላስቲኩ ሥር ታምቆ ሲቀር ቍስሉ ይመረቅዛልና። እኛ ግን ስድስት ሰዓት አሳልፈን ነበር። ጩኸቱም ማጠራቀሚያው ሞልቷል የሚል ማስታወቂያ ነበር። ነርሷ በሌሊት መጥታ አወጣችው፤ ቍጣዋንም አልሸሸገችንም። እግሩ ተርፏል።

እንዲህ ያለው ስሕተት በሌላም አገር ነፍስ አጥፍቷል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣው ማስጠንቀቂያ በ2 ዓመት ውስጥ ከዚህ መሣሪያ ጋር የተያያዙ የ6 ሰዎች ሞትና የ77 ሰዎች ጉዳት እንደ ደረሰው ገለጸ፤ በ2011ም የሟቾቹ ቍጥር 12 መድረሱን አስታወቀ። ከሟቾቹ የሚበዙት በቤታቸው ወይም በረጅም ጊዜ መጦሪያ ቤት የነበሩ ናቸው። ዋናው አደጋ የደም መፍሰስ ነበር። ስለዚህ መሥሪያ ቤቱ ታማሚውና አስታማሚው በጽሑፍ የተዘጋጀ መመሪያ እንዲሰጣቸውና አጠቃቀሙን በእጃቸው ሠርተው እንዲያሳዩ መከረ።

እንግዲህ ነገሬ ከእኛ ከንግድ ሰዎች ጋር ነው። መሣሪያውን የሸጠልን ሱቅ፥ ስሙን አላነሣም፤ ገንዘቡን ቈጥሮ ሣጥኑን አስረከበን፤ ከዚያ ወዲያ አላየንም። የውኃ ፓምፕ ለገበሬ የሚሸጥ ነጋዴ እንኳ ሜካኒክ ልኮ ያስነሣለታል፤ ማጣሪያው ሲዘጋ ምን እንደሚደረግ ይነግረዋል። ከሰው ሥጋ ጋር የሚያያዘው ፓምፕ ከዚህ ባነሰ ጥንቃቄ የሚሸጥበት ምክንያት አይታየኝም። አንዳንድ አስመጪ «ማስረዳት የሐኪም ሥራ ነው» ይል ይሆናል። እውነት ነው፤ ሐኪሙ ግን መጽሐፉን ወደ አማርኛና ወደ ሲዳምኛ አይተረጕምም፤ መለዋወጫ ስፖንጅም በመደብሩ አያከማችም። በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት የሕክምና መሣሪያን የሚቈጣጠር ባለሥልጣን አለ፤ ቢሆንም ፈቃድ አውጥቶ ማስገባት አንድ ነገር ነው፤ ገዢው ቤት ከደረሰ በኋላ የሚሆነው ሌላ ነው።

ስፖንጁ ብዙውን ጊዜ በ2 ወይም በ3 ቀን ይለወጣል፤ ታጥቦ ዳግመኛ አይገባም። የዕቃ ማጠቢያ ስፖንጅ ቈርጦ መተካት ይቻላል የሚል ባለሱቅ ሰምቻለሁ፤ እግዚአብሔር ይመልሰው። መሣሪያ አምጥቶ ስፖንጅና ማጠራቀሚያ ያላመጣ አስመጪ በእኔ አስተያየት ዕቃውን በግማሽ ሸጧል። ባትሪውም ነገር እንዲሁ ነው፤ መብራት በሚጠፋበት ከተማ ባትሪው ስንት ሰዓት እንደሚይዝ ሳይነግሩ መሸጥ አይገባም። እ.ኤ.አ. በ2010 ከሄይቲ የመሬት መንቀጥቀጥ በኋላ ያለ ኤሌክትሪክ በእጅ ተጨምቆ የሚሠራ ዓይነት ተሞክሯልና አስመጪዎቻችን ይህንንም ቢያጠያይቁ መልካም ነው። ደግሞም መሣሪያው ለጥቂት ሳምንታት ብቻ ስለሚያስፈልግ ከመሸጥ ይልቅ ማከራየት ለነጋዴውም ለታማሚውም ይሻላል።

እኔም በበኩሌ አንድ ገጽ ወረቀት በአማርኛ ጽፌ ለነርሷ አሳየኋት፤ ሦስት ቦታ አረመችልኝ። በወረቀቱ ላይ፥ ቱቦው ውስጥ ደማቅ ደም ከታየ መሣሪያውን ማጥፋት፥ ፋሻውን ሳይነቅሉ በእጅ ተጭኖ መያዝና ወዲያው ርዳታ መጥራት እንደሚገባ፤ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ሰው አስቀድሞ ለሐኪሙ መናገር እንዳለበት፤ የገባው ስፖንጅ ቍጥር በፕላስቲኩ ላይ ተጽፎ ሲወጣ እንደሚቈጠር፤ የማስጠንቀቂያውም ድምፅ ምክንያቱ ሳይታወቅ እንዳይጠፋ ተጽፏል። ይህችን የመጨረሻዋን ነርሷ በቀይ አሠመረችባት። ወረቀቱ አሁን ከአሠሪዬ አልጋ ራስጌ ተለጥፏል፤ ቅጂ የሚፈልግ አስመጪ ወይም ባለሱቅ ቢኖር በምክር ቤቱ ጽሕፈት ቤት አስቀምጫለሁ።