የሽማግሌዎቹ ቃል ሳይጠፋ ይጻፍ



በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር ሲታወጅ የሞጣና የብቸና ገበሬ «ርስቴ ተለክቶ ሊወሰድ ነው» ብሎ ተነሣ፤ ጦርና አውሮፕላን ዘመተበት፤ በኋላም አገረ ገዢው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ከጎጃም ተነሡ። ይህንን በየጁቤ ተማሪዎቼን ብጠይቅ እጁን ያወጣ አልነበረም። አያቶቻቸው ግን ያውቃሉ፤ ዝም ይላሉ እንጂ። የወላጆቹን ሕመም ያላወቀ ትውልድ «አልተደረገም» ቢሉት በምን ይከራከራል? ባልደረቦቼ ቂም ይቀሰቅሳል ይሉኛል፤ ለእኔ ቂም የሚያድገው በሹክሹክታ ይመስለኛል። የመንግሥት መዝገብ የግብሩን ልክ ይዟል፤ ለቅሶውን የያዘው ሽማግሌ ነው። የዚያን ጊዜ የ20 ዓመት ጎልማሳ ዛሬ ወደ 80 ተጠግቷልና የትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ለተማሪዎች ደብተር ሰጥቶ ከመጪው ክረምት በፊት ቃላቸውን ያስጽፍ።

አንድ መምህር፤ ከየጁቤ