የቤታችን ስልክ አንባቢዎች ልጆቻችን ናቸው



«እንኳን ደስ ያለዎት፣ ዕጣ ወጥቶልዎታል» የሚል የስልክ ጥሪና መልእክት መብዛቱ ለሁላችንም የታወቀ ነው። ትልልቆቹ ተጠንቀቁ ተብለናል፤ ለልጆቹ ግን ማንም ቁጭ ብሎ አልነገራቸውም። በእኛ አስተያየት ቀድመው መማር የሚገባቸው እነሱ ናቸው።

በቱላ የብዙ እናቶችና አባቶች የአፍ መፍቻ ቋንቋ ሲዳምኛ ነው፤ የሽልማቱ ወሬ ደግሞ የሚመጣው ብዙውን ጊዜ በአማርኛ ነው። ስለሆነም መልእክት ሲገባ «ና እስቲ አንብብልኝ» የሚባለው የአራተኛ ወይም የአምስተኛ ክፍል ልጅ ነው። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ብር የሚልከውም፣ ቀሪ ሒሳብ የሚያየውም እሱ ሆኗል። ሳናስበው የቤቱን ገንዘብ ያዥ ሾመናል ማለት ነው። አታላዩም ይህን ስለሚያውቅ እናትየዋ ካልገባት «ልጅ ካለ አገናኚኝ» ይላታል።

ከዚያ በኋላ ያለው አጭር ነው። ሰውዬው በገዛ ስልኩ የእናትየዋን ቁጥር አስገብቶ ሒሳቧን ለመክፈት ይሞክራል። የማረጋገጫ ቁጥር ወደ እሷ ስልክ ይላካል። «የዕጣው ቁጥር ነው፣ ቶሎ አንብብልኝ» ሲለው ልጁ ማንበብ መቻሉ ደስ ብሎት ያነብለታል። ለማንም አትስጡ የሚለውን ማስጠንቀቂያ አያነበውም፤ አንብብ የተባለው ቁጥሩን ነዋ! የምስጢር ቁጥሩን ከጨመረለት የቡናው ሽያጭ ሄደ።

ለልጅ ይህን የምናስረዳው በሚያውቀው ነገር ነው። በየገበያው «ቀይዋን ያየ» እያለ ሦስት ካርታ የሚያገላብጠውን ሰው እናስታውሰው። መጀመሪያ የሚያሸንፈው የራሱ ሰው ነው፣ የሚበላው መንገደኛው ነው። ቴሌግራም ላይ «እኔም ደርሶኛል» እያሉ ደረሰኝ የሚያሳዩትም የዚያ ሰውዬ ወንድሞች ናቸው። ሎተሪንም እናስረዳው፤ ያልቆረጠ ሰው ዕጣ አይወጣለትም። «ግብሩን አስቀድማችሁ ላኩ» የሚለውም ውሸት ነው፤ በ2008 ዓ.ም. በወጣው የገቢ ግብር አዋጅ መሠረት የዕጣ ግብር የሚቀነሰው ከሽልማቱ ላይ፣ በከፋዩ ነው።

ስልኩን ከልጅ እንንጠቅ የሚሉ አሉ። ታዲያ ማን ያንብብልን?

ዱላውን ግን ብናስቀምጠው ይሻላል። ግርፊያ የፈራ ልጅ መልእክቱን አጥፍቶ ዝም ይላል፣ ሌባው ደግሞ ጊዜ ያገኛል። ቶሎ ከነገረን ለቴሌብር በ127፣ ለንግድ ባንክ በ951 ደውለን ሒሳቡ እንዲታገድ ለመጠየቅ እንደርሳለን።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ሌላ ነው። ልጆቻችንን ታላቅ ሰው ሲያዝ እሺ በሉ ብለን ነው ያሳደግናቸው። አታላዩም «አንተ ጎበዝ፣ እኔ እኮ አባትህ ነኝ» እያለ በዚያው ጨዋነታቸው ይገባል። እንግዲህ ፈቃዱን መስጠት ያለብን እኛው ወላጆች ነን። ማታ ቡና ሲፈላ አንዳችን አታላይ ሆነን እንደውልለት፤ በአማርኛም በሲዳምኛም እንሞክረው፤ እንለማመጠው፣ እንቆጣውም። ቁጥር የሚጠይቅን ሰው ሽማግሌም ቢመስል ጆሮው ላይ ቢዘጋበት፣ በዚህ ሰፈር ባለጌ የሚለው የለም።

የማኅበሩ ጽሕፈት ቤት